ስለ ብሔር፣ ስለ ታሪክና ስለ ፖለቲካ እንዴት እንከራከር? ከጅማ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ የታሪክ ክርክር ቀጠሮ አይያዝለትም። ስለ ቡና ዋጋ እየተወራ አንዱ "ድሮ እኮ..." ብሎ ይጀምራል። ከዚያ አባ ጅፋር ይመጣሉ፣ ምኒልክ ይመጣሉ፣ አንቀጽ 39 ይመጣል፣ "ከተማዋ የማን ናት" ይመጣል፤ ሁሉም በአንዴ ያወራል፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ፈረንጅ አራዳ ካፌ ውስጥም ይሁን መርካቶ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነገሩ ያው ነው።

"ፖለቲካ አታውሩ" በሚለው ምክር አልስማማም። ዝም ስንባባል ቂሙ አይጠፋም፤ ልጆቹም ታሪኩን ጮክ ብሎ ከሚያወራው ሰው ይማሩታል። ግን እዚህ የምትከራከሩት ሰው ጎረቤታችሁ ነው፣ እድርተኛችሁ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የእህታችሁ ባል ወይም የሚስታችሁ አጎት ነው። ነገ ለቅሶ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ትቀመጣላችሁ። ስለዚህ አከራከሩን ማወቅ የግድ ነው።

ደጋግሜ ያየሁት ነገር ይህ ነው፦ ሰዎች ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ጠቅልለው ይከራከራሉ። አንዱ ስለሆነው ነገር ያወራል። ሌላው ጥሩ ነበር፣ መጥፎ ነበር እያለ ይፈርዳል። ሦስተኛው ዛሬ ምን ይደረግልኝ ይላል። ጠቡ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው፣ ከታች ያለውም ሁሉ ከዚሁ ይነሳል።

1ኛ ደረጃ፦ ጥያቄውን ለዩ

ሰውየው የተናገረውን ያዙና ለሦስት ክፈሉት። ምን ሆነ? የሆነውን እንዴት እንፈርደዋለን? አሁን ምን እንፈልጋለን?

የእኛኑ የጅማ ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋርን እንውሰድ። አንዱ "አገራቸውን ከጥፋት ያዳኑ ብልህ ንጉሥ" ይላል። ሌላው "ሳይዋጉ ለምኒልክ የገበሩ" ይላል። ሲጯጯሁ ይመሻል። ከፍላችሁ ስታዩት ግን ስለሆነው ነገር ሁለቱ ብዙም አይለያዩም። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። በ1874 ዓ.ም. ሸዋና ጎጃም የጊቤን አካባቢ ለመያዝ እምባቦ ላይ ተዋጉ፣ ሸዋ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሊሙ እናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ መንግሥታቸውን ሲያጡ ጅማ ግን ግብር እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቆየች። እ.ኤ.አ. በ1897 የምኒልክ ጦር ከፋን ሲወር የጅማ ሰዎችም ከዘማቾቹ ጋር ነበሩ። ጅማ ሙሉ በሙሉ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር የገባችው ንጉሡ ባረፉበት ዓመት ገደማ ነው። እስከዚህ ድረስ የሆነው ነገር ነው፣ ማስረጃ ይፈልጋል፣ በማስረጃም ይዘጋል።

ፍርዱ ሌላ ነው። ጅረን ላይ ቆሞ ቤተ መንግሥቱን ለሚያይ የጅማ ልጅ የአባ ጅፋር መንገድ ጥበብ ነው፣ ከተማና ገበያ ያተረፈ ጥበብ። ለከፋ ተወላጅ ግን ያው ጥበብ የከፋውን ንጉሥ የጋኪ ሸሮቾን መንግሥት ካፈረሱት ጋር መሰለፍ ማለት ነው። ሁለቱም አልዋሹም። አንድ የሆነ ነገር ይዘው በሁለት ሚዛን ለኩት። እዚህ ላይ "ማስረጃ አምጣ" መባባል ዋጋ የለውም፤ "ሚዛንህ ምንድን ነው?" ነው የሚጠየቀው።

ሦስተኛው፣ ሐውልት ይቁም፣ መንገድ በስማቸው ይሰየም፣ መማሪያ መጽሐፍ ላይ እንዲህ ይጻፍ የሚለው፣ የዛሬ ሰዎች የሚወስኑት ጉዳይ ነው። ታሪክ ያግዛል፣ ብቻውን ግን አይመልሰውም።

አፋችሁ ላይ መኖር ያለበት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ "ቆይ፣ ሆነ አልሆነም ነው የምንለው ወይስ ጥሩ ነበር አልነበረም?" ይህን በጊዜ ከጠየቃችሁ ግማሹ ጩኸት እዚያው ይበርዳል።

2ኛ ደረጃ፦ ዘመኑን አስተካክሉ

ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ ክርክር በዚህ ይበላሻል። የዓድዋ ድል በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ በፈረንጆቹ 1896። አንዱ ከአማርኛ መጽሐፍ ሌላው ከእንግሊዝኛ አንብቦ ከመጣ ስምንት ዓመት ተለያይተው "አታውቅም" ይባባላሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከፈረንጁ ዓመት ላይ 7 ይቀነሳል፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 8።

ጅማ ላይ ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር አለ። በዓረብኛ ፊደል በተጻፉ የድሮ ወረቀቶች ላይ ሒጅራ ታገኛላችሁ። የሒጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ የተወሰነ ቁጥር ቀንሶ ማግኘት አይቻልም፤ መቀየሪያ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ሽማግሌዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓመት አይቆጥሩም፤ "ጣሊያን ሳይገባ"፣ "አባ ጅፋር ባረፉ ሰሞን" ይላሉ። ይሄ ከቁጥር የባሰ አይደለም። የቱ ከየቱ እንደቀደመ ያሳያችኋል፣ ብዙ ጊዜም የምትፈልጉት እሱን ነው።

3ኛ ደረጃ፦ ማን ጻፈው፣ የት ቆሞ?

"መጽሐፍ ላይ አለ" ማስረጃ አይደለም። የማን መጽሐፍ? መቼ የተጻፈ? ጸሐፊው አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?

አንቶኒዮ ቼኪ የሚባለው ጣሊያናዊ ተጓዥ ስለ ጊቤ መንግሥታት ከጻፉት የውጭ ሰዎች አንዱ ነው፣ ብዙ ይጠቀሳል። ይህ ሰው ጌራ ውስጥ ታስሮ ነበር፤ የጉዞ ጓደኛው ኪያሪኒም እዚያው በ1879 እ.ኤ.አ. ሞተ። ስለዚህ ስለ ገበያ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ሸቀጥ የጻፈው አንድ ነገር ነው፣ ስላሰረው ቤተ መንግሥት የጻፈው ሌላ ነገር። ሁለቱን በአንድ ዓይን አታንብቡ።

አባ ባሕርይም እንዲሁ ናቸው። ስለ ኦሮሞ እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ የጻፉት አገራቸው የተወረረባቸው መነኩሴ ሆነው ነው፣ ምሬታቸውም ይታያል። ግን በዚያው ጽሑፍ የሉባዎቹን፣ ማለትም በገዳ ሥርዓት በተራ ሥልጣን የሚይዙትን ትውልዶች፣ ስም በተራ ይዘረዝራሉ፣ የራሳቸው ወገን ለምን እንደተሸነፈም ይናገራሉ፤ የሚዋጋው አንዱ ክፍል ብቻ ነው ብለው ያስረዳሉ። ምንጭ ጠላት ስለጻፈው አይጣልም፣ ወዳጅ ስለጻፈውም አይታመንም። የተጻፈው ነገር ጸሐፊውን የሚጠቅመው ነው ወይስ የሚጎዳው ብላችሁ ጠይቁ። ሰው በራሱ ላይ የሚመሰክረው ክብደት አለው።

የድሮ ጽሑፍ ስታነቡ ዛሬ ስድብ የሆኑ የሕዝብ ስሞች ያጋጥሟችኋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ጅማን መቀመጫ ያደረገበት ትልቁ ግዛት እንኳ በይፋ ስሙ ውስጥ እንዲህ ያለ የኦሮሞ መጠሪያ ነበረው። የም ሕዝብም በአሮጌ መጻሕፍት የሚጠራው ራሱን በማይጠራበት ስም ነው። አንብቡት፣ ግን ለመጥቀስ ስትሉ አትድገሙት። "በዚያ ዘመን አጠራር" ብላችሁ እለፉና የዛሬውን ስም ተጠቀሙ። የሰማችሁት ሰው አያቱ በዚያ ስም የተሰደበ ሊሆን ይችላል።

የአፍ ታሪክን ደግሞ እንዳለ አትቀበሉት፣ አትናቁትም። ኦቦ እገሌ ሲነግሯችሁ በጨዋ ደንብ "ይህን እርስዎ አዩት ወይስ ከአባትዎ ሰሙት?" በሉ። ከዚያ ከሌላ ቤት የመጣ ሰው ጠይቁ። ቅድመ አያቱ ቤተ መንግሥት ያገለገለ ሰውና ቅድመ አያቱ ገበያ ላይ የተሸጠች ሌላ ሰው የሚነግሯችሁ ጅማ አንድ አይደለችም። ሁለቱንም ስሙ።

በስልክ የሚዞር ፎቶ ላይ የምለው አጭር ነው። መቼ፣ የት፣ በማን እንደተነሳ ካልታወቀ ለክርክር አይሆንም።

4ኛ ደረጃ፦ ቁጥር ሲመጣ ቆም በሉ

"ይህን ያህል ሚሊዮን አለቀ" ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ቆጠረ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው በ1987፣ ሦስተኛው በ1999። ከ1976 በፊት ያለ የሕዝብ ብዛት ሁሉ ግምት ነው፣ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የሚባለው ደግሞ የተጓዦችና የሚስዮናውያን ግምት። ይህን ስል ሰው አልሞተም ማለቴ አይደለም፣ በጭራሽ። በወረራው፣ በረሃቡ፣ በከብት በሽታው ብዙ ሰው አልቋል። ትክክለኛ ቁጥር ስለሌለ ግን ቁጥሩን ትታችሁ ስለደረሰው ነገር ተናገሩ፤ የሐሰት ቁጥር የሰጠ ሰው እውነተኛውን በደል ጭምር ያስክዳል።

ስለ ዛሬም እንዲሁ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ኦሮሞ ከአገሪቱ ሕዝብ ከ34 በመቶ በላይ፣ አማራ ወደ 27 በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተቆጠረ ነገር ስለሌለ "አሁን እኛ ይህን ያህል ነን" የሚል ሁሉ የሚያወራው ትንበያ ነው፤ ትንበያ መሆኑን ይናገር።

ልምምድ፦ በቡና ጀምሩ

በከባዱ ርዕስ ላይ ከመግባታችሁ በፊት በማያቆስል ተለማመዱ። እኛ ጋ ለዚህ ከቡና መገኛ የተሻለ የለም። ቡና የተገኘበትን ቦታ ጅማ "ጎማ፣ ጮጬ" ትላለች። ከፋ "ማንኪራ" ይላል፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙም ቦንጋ ነው የተሠራው። ይሄም ክርክር ቀላል አይደለም፣ ግን ቢያንስ ደም የለበትም።

ለዩት። ቡናው ዱር ውስጥ የበቀለው የት ነው? አረቢካ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ውስጥ በዱር ይገኛል፣ ደቡብ ሱዳን ቦማ ላይም አለ። ጫካው ደግሞ የወረዳ ድንበር አያውቅም፤ ስለዚህ እጽዋቱን ብቻ ካያችሁ ጮጬና ማንኪራ የሚጣሉበት ምክንያት የለም። ማን መጀመሪያ ጠጣ? ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው። ስለ መጠጡ የሚታመነው የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስረጃ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን የመን፣ ከሱፊዎች ዘንድ ነው። ይህ ግን ከዚያ በፊት እዚህ አልተቀመሰም ማለት አይደለም፤ የሚያሳየው ማን መጀመሪያ እንደጻፈው ነው። ካልዲስ? የፍየል እረኛው ተረት ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ነው፣ ናይሮን የሚባል ሰው በላቲን ጻፈው። እዚያ ላይ ካልዲ የሚል ስም የለም፣ ታሪኩም የሚሆነው የመን ነው። ስለዚህ ካልዲን ለጮጬም ለማንኪራም ምስክር አድርጎ ማቆም አይቻልም። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የክብርና የቱሪስት ጥያቄ ነው፤ እሱን በግልጽ "የክብር ጥያቄ ነው" ብሎ ማውራት ይቻላል።

አንድ ሰው በዚህ ላይ ጥያቄውን መለየት ከቻለ በምኒልክም ላይ ይችላል።

5ኛ ደረጃ፦ ሕጉን አንብቡና ተከራከሩ

አንቀጽ 39ን አንብቦ የሚከራከር ሰው ትንሽ ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በ1987 ዓ.ም. ነው፣ ጽሑፉም በአማርኛ በቀላሉ ይገኛል። ንዑስ አንቀጽ 4 መገንጠል እንዴት እንደሚፈጸም በደረጃ ይዘረዝራል፦ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው በደረሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፣ አብላጫ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ከዚያ ሥልጣን ይተላለፋል፣ የንብረት ክፍፍል በሕግ ይደረጋል። መቃወምም መደገፍም ይቻላል፣ ግን ያለውን ነገር።

"መሬቱ የማን ነው" ሲባል አንቀጽ 40ን አምጡ፤ የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። "ከየት መጣህ" ሲባል አንቀጽ 32 አለ፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት አለው። አማርኛና ኦሮምኛ ላይ ስትጋጩ አንቀጽ 5ን አንብቡ፤ ሁሉም ቋንቋዎች በመንግሥት ዘንድ እኩል ዕውቅና አላቸው፣ የፌዴራሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፣ ክልሎች የራሳቸውን ይወስናሉ። ሕጉ ይሻሻል ማለት መብታችሁ ነው። የሌለውን አለ ማለት ግን ክርክር አይባልም።

6ኛ ደረጃ፦ ሌላውን የለካችሁበትን ለራሳችሁም አድርጉ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምይዘው ይህን ነው።

ስለ ባርነት እንናገር። እዚሁ ጅማ፣ ሕርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ገበያ ነበር፣ ከሚሸጡት አንዱ ሰው ነበር። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየምና ከሌሎችም አገሮች የተነጠቁ ሰዎች በዚህ አልፈው ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ተነዱ። የጅማ ቤተ መንግሥትም ከዚህ ንግድ ተጠቅሟል። "የምኒልክ ሥርዓት ጨቋኝ ነበር" የሚል የጅማ ሰው ይህን መዝለል አይችልም። በዚያው ልክ "ጅማ ባሪያ ሻጭ ነበረች" የሚል ሰው የሸዋ መኳንንት ባሪያ ሸማች እንደነበሩ፣ የሰሜኑ ቤተ መንግሥትም ለዘመናት ባሪያ እንደነበረው መዝለል አይችልም። የከፋ መንግሥትም ከዚህ ንጹሕ አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1923 እ.ኤ.አ. የመንግሥታቱን ማኅበር ስትቀላቀል ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ በሕግ የተሻረው ግን ከጣሊያን በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። ቅርብ ነው። የአያት ዕድሜ ነው።

ጠባሳውም አልጠፋም። ዛሬም በቆዳ ጥቁረት ሰውን የሚሰድብ አለ፣ ሚስት ሲጠየቅ "ዘራቸው ምንድን ነው" ተብሎ በሹክሹክታ የሚጣራበት ቤት አለ። ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ የነበሩ ቤተሰቦች ልጆችም ይህን ያውቁታል። ይህን እያደረገ ስለ ብሔር እኩልነት የሚከራከር ሰው ክርክሩ ከልቡ እንዳልሆነ ፊት ለፊት ቢነገረው ደስ ይለኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ በደል ከማንሳታችሁ በፊት የራሳችሁ ወገን በዚያው ዘመን ምን ያደርግ እንደነበር ፈልጉና ቀድማችሁ ተናገሩት። "በእኛ በኩልም ይህ ነበር" ብሎ የጀመረ ሰው ይሰማል። ተጠንቀቁ ግን፣ ይሄ "ሁሉም አድርጎታል፣ እንተወው" ለማለት አይደለም። የተበደለው ሰው የራሱ ወገን ሌላውን ስለበደለ በደሉ አይሰረዝም። ሁለቱም ይነገር።

7ኛ ደረጃ፦ ስሙን በትክክል ጥሩ

"አማራ ወረረን"፣ "ኦሮሞ ወረረን" አትበሉ። እምባቦ ላይ የሸዋን ፈረሰኛ የመሩት ራስ ጎበና ዳጬ ኦሮሞ ናቸው፣ የተዋጉትም ከጎጃም ንጉሥ ጋር ነው። ታዲያ ይህን ጦርነት በብሔር ስም ልትጠሩት ስትሞክሩ ምን ይሆናል? አይሆንም። "የሸዋ ጦር"፣ "የጅማ ንጉሥ"፣ "የዚያ ዘመን መሳፍንት" በሉ። ከሁሉ የከፋችው ቃል ደግሞ "እናንተ" ናት። "እናንተ እንዲህ አድርጋችሁን" የተባለው ሰው ያኔ አልተወለደም፣ አያቱም ምናልባት ገባር ነበር።

ትልቅ ሰው ፊት ስትከራከሩ አንቱታው አይቅር። ጋሼ፣ እትዬ፣ ኦቦ፣ አዴ፣ ሐጂ፣ አባ፣ ሰውየው የሚጠራበትን ተጠቀሙ። መከባበር ሐሳባችሁን አያላላውም፤ "ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም" ማለት ይቻላል፣ እኛ ጋ ሁልጊዜም ይቻላል። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሯቸው፦ "የሚሉት እንዲህ ነው አይደል?" እሳቸው "አዎ፣ እሱን ነው" ካላሉ ገና አልሰማችሁም፣ ገና መልስም የላችሁም።

ቦታም ይመረጣል። ለቅሶ ቤት አይሆንም። ሰርግ ላይ አይሆንም። በቅርቡ ሰው በሞተበት ወይም ቤቱ በተቃጠለበት ሰው ፊት የመቶ ዓመት ታሪክ አይተነተንም፤ እሱ የሚፈልገው አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነው።

8ኛ ደረጃ፦ መቼ ማቆም

ሰውየው ሦስት ጊዜ ርዕስ ከቀየረ አቁሙ። ክርክሩ ከሐሳብ ወደ እናት ስድብ ከሄደ አቁሙ። የምትከራከሩት ለሚሰማው ሕዝብ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ሰውየውን ሳይሆን ጭብጨባውን እያያችሁ ከሆነ፣ ያኔም አቁሙ። "በዚህ ላይ አልተስማማንም፣ ዓመተ ምህረቱን ግን አጣርቼ እነግርሃለሁ" ብላችሁ ተነሱ፣ ከዚያም በእውነት አጣርታችሁ ንገሩት፣ የተሳሳታችሁት እናንተ ብትሆኑም። ጅማ ሙዚየም አለ፣ ጅረን ቤተ መንግሥቱ ከከተማ ሩቅ አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አለው። ከተቻለ ያንኑ የተከራከራችሁትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ግን ከክርክር ውጭ ነው። አንድ ሰው በብሔሩ ወይም በሃይማኖቱ ይጠቃ፣ ይባረር፣ ይገደል ሲባል ያ ሐሳብ አይደለም፣ ለማስረዳትም አትድከሙ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት አስቀምጧል፤ ጥቃት ከተከተለ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። እንዲህ ሲባል የሰማችሁ ከሆነ መጀመሪያ ስሙ የተጠራው ቤተሰብ ደህና መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ የአካባቢ ሽማግሌዎችን በዚያው ቀን አናግሩ፣ ተናጋሪው የእናንተው ወገን ከሆነ ደግሞ ተው የሚለው ሌላ ሰው እስኪመጣ አትጠብቁ።